ጓሳን ከጠበቁ ሰዎች ዘንድ እንግዳ ስትሆን

ልጄ፣ ጓደኞችህን አስተባብረህ ወደ መንዝ ልትወጣ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። የከተማ ልጅ አገሩን በእግሩ ሊረግጥ ሲነሳ ደስ የማይለው ሽማግሌ የለም። ያነበብክልኝ የጉዞ ዕቅድ ግን አልተዋጠልኝም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ቁርስ ደብረ ብርሃን፣ ምሳ አንኮበር፣ ጣርማ በር ላይ ፎቶ፣ አዳር ጓሳ፣ እሑድ ማታ ቤታችሁ። በዚህ አካሄድ በደንብ የምታውቁት የመኪናችሁን መቀመጫ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል ያገሬ ሰው። ወይ ቀን ጨምሩበት፣ ወይ ከቦታዎቹ ግማሹን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ምርጫው የእኔ ቢሆን አንኮበርንና ጓሳን በተለያየ ጉዞ አያቸው ነበር፤ መንገዳቸውም አንድ አይደለም። ለአንኮበር ከደብረ ብርሃን ታጥፋችሁ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ለጓሳ ደግሞ የደሴን መንገድ ይዛችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ወደ መሐል ሜዳ ትገነጠላላችሁ።

ስለ ጓሳ ረዘም አድርጌ ልንገርህ፤ ምክሬ አብዛኛው ከዚያ የሚመነጭ ነውና።

ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ የውርጭ አገር ነው። ከአንዱ ወገኑ የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ፣ ከሌላው ወገኑ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሣሩ ለመንዝ ሰው ብዙ ነገሩ ነው። ቤቱን ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ እረኛው ዝናብ የሚመክትበትን ጌሳ ይሠራበታል፣ በድርቅ ዓመት ከብቱን ያተርፍበታል። ይህን ያህል የሚፈለግ ሣር በሕዝብ መካከል እያለ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ? ይህን ሳትጠይቅ ጓሳን አይቼ መጣሁ አትበል።

ያቆየው የቄሮ ሥርዓት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ሰዎች መሬቱን በወል ይዘው፣ አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ከመካከላቸው እየመረጡ ጠበቁት። ግጦሹም አጨዳውም ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴ ለሦስት አንዳንዴ ለአምስት ዓመት ይከለከላል። በዚያ ጊዜ ከብቱን ያስገባ ወይም ማጭድ ያነሳ ይቀጣል። ጥበቃው የባለ መብቱ ሁሉ ግዴታ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ከሥርዓቱ ጎን ቆማለች። ሣሩ ደርሷል ሲባል ሽማግሌዎች መክረው ቀን ይቆርጣሉ፣ ሕዝቡም ያን ጊዜ ይገባል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ሁልጊዜ የምናስበው ሌላውን ስለ ማሰር ነው። የጓሳ ሰዎች ያበሩት የገዛ እጃቸውን ለማሰር ነበር።

አስበው እንግዲህ። በጋው ከብዷል፣ በሬው ከስቷል፣ የቤቱ ክዳን ያፈሳል፣ ሣሩ ደግሞ ከዓይኑ ፊት ይወዛወዛል። ገበሬው ግን ቀኑ አልደረሰም ብሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ለአንድ ዓመት አይደለም፤ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው።

የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ የቄሮ ሥርዓት ከርስቱ ጋር ፈረሰ። አዋጁ ለደቡቡ ጭሰኛ ትልቅ ነፃነት ነበር፤ ያንን የሚክድ የለም። ጓሳ ግን ባለቤት አጣ። ከዚህም ከዚያም ተገባበት፣ ሣሩም ተመናመነ። መልሶ ያዳነው የዚያው አካባቢ ገበሬ ነው። ከየቀበሌው ሰው መርጦ ኮሚቴ አቆመ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጻፈ፣ አሮጌውን ሥርዓት በአዲስ መልክ አስነሳ። በኋላም የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ያገራችን ፓርኮች አብዛኞቹ ከላይ በመጣ ትእዛዝ የተከለሉ ናቸው። ጓሳን የከለለው በሣሩ የሚኖረው ሰው ራሱ ነው።

ስለዚህ እዚያ የምታየው ሁሉ፣ ሣሩም አውሬውም ምንጩም፣ ሰው ራሱን ከልክሎ ያቆየው ነው። እንግዳ ሆነህ ስትገባ አንተም ራስህን የምትከለክለው ነገር ይኑርህ። ሌላው ምክሬ የዚህ ዝርዝር ነው።

መኪናህን ከመንገዱ አታውጣ። አሁን አሁን ያየሁት ፈሊጥ አለ፤ ወጣቶች ሜዳው ሰፊ ነው ብለው ሣሩ ላይ መኪና ይነዳሉ። በዚያ ከፍታ ጎማ የደፈጠጠው መሬት ቶሎ አያገግምም፤ የአይጡ ጉድጓድ ሲደረመስ ደግሞ ቀይ ቀበሮው ምግቡን ያጣል። ማታ በዚያ መንገድ አትንዳ፤ መንገዱ ጥብቁን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሙዚቃውንም ዝጋ። ያ ድሮን የምትሉት ነገር ቦርሳህ ውስጥ ካለ እዚያው ይቆይ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ በሕይወት የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ጓሳ ከመጠጊያዎቹ አንዱ ነው። ቀን ቀን ለብቻው እየዞረ አይጥ ያድናል። ልታየው ከፈለግህ አትከተለው። አንድ ጉብታ ላይ ጋቢህን ተከናንበህ ቁጭ በል፣ ድምፅህን አጥፋ፣ ጠብቅ። እሱ በሥራው ላይ እያለ አንዳንዴ ራሱ ወደ አንተ ይቀርባል። ያባረርከው እንደሆነ ግን የቀን ጉርሱን ነጠቅኸው። ከጓደኞችህ መካከል ውሻ ይዤ ልሂድ የሚል ካለ አይሆንም በለው። ይህን አውሬ አጥብቆ የሚያሰጋው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታና ሌላው የውሾች ወረርሽኝ ነው፤ በባሌ ተራሮች ደጋግሞ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል።

ጭላዳም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሰው ከዝንጀሮ ጋር ይቀላቅለዋል፤ ኑሮው ግን ለብቻው ነው። ዋና ምግቡ ሣር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነጫል፣ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ጠዋቱን በእንቅልፍ አታሳልፈው። ከአፋፉ ራቅ ብለህ ተቀመጥና እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ወንዶቹ ጋማቸውን አንጨብርረው፣ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት እየታየ ሲወጡ ተመልከት። ብስኩት አትወርውርላቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ማሳ ይደፍራል፤ ዱላውን ሲቀምስ አንተ አዲስ አበባ ነህ።

እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ነገር ልንገርህና በዓይንህ ፈልገው። ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ጭላዶቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ አይጡን ይፈልጋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲውሉ ማየት የምትችለው እነሱን ለማስደንገጥ ካልቸኮልክ ነው። አንድ ጎረምሳ ለፎቶ ሲሮጥ መንጋው ወደ ገደሉ ይነጉዳል፣ ቀበሮውም ይሄዳል፣ የመጣህበት ነገር አለቀ።

ስለ ገደሉ ካነሳሁ፣ «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለከብት ብቻ አይደለም። የጓሳ ምሥራቁ ወገን ቁልቁል የተቆረጠ ነው። ጠዋት ጠርቶ ያየኸው አፋፍ ከሰዓት በኋላ ጉም ይውጠዋል፤ በክረምትማ ቀኑን ሙሉ አይገለጥም። ጉም ሲመጣ ካለህበት አትንቀሳቀስ፣ መንገድ የሚያውቀውን ሰው ጠብቅ። ወደ ኋላ እየተራመድክ ፎቶ አትነሳ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ እናትህ ዘንድ በሰላም እንድትመለስልኝ ነው።

መንገድ የሚያውቅ ሰው ስልህ ያገሩን ልጅ ማለቴ ነው። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይባል የለም? ከአዲስ አበባ አስጎብኚ ይዛችሁ ብትመጡ እንኳ እዚያ ስትደርሱ ከጥብቁ ጠባቂዎች አንዱን ጨምሩ። የቀበሮውን መዋያ፣ የጭላዳውን መውጫ፣ አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረው አሞራ የሚያንዣብብበትን ገደል እነሱ ያውቃሉ። ጅብራውንም ያሳዩሃል፤ ያ ቁመቱ ከሰው በላይ የሚሄድ ተክል ለዓመታት ሲያድግ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ቅጠሉን አትገንጥል፣ ተደግፈኸውም አትቁም። ማደሪያችሁን ከማኅበረሰቡ ሎጅ አድርጉት፤ በድንኳን ልደር የሚልም የተፈቀደለትን ቦታ ይጠይቅ። ለመግቢያ፣ ለጠባቂ፣ ለጭነት በቅሎ የምትከፍለውን ብር አትከራከርበት። ገበሬው ሣሩን እንደ ልቡ ማጨድ የተወው አንዳች ነገር ይገኝበታል ብሎ ነው፤ ያ ነገር ከእንግዳ ኪስ ካልወጣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ጥብቁን እናርሰው የሚለው ድምፅ ይበረታል።

ልብስ አብዛ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ለማየት ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል፣ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ይይዛል። ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቀዝቃዛ መስሎ ፊት ይልጣልና ባርኔጣ አይቅር። ትንፋሽ ቢያጥርህ አትፈር፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብለህ ተራመድ፣ ውሃ ጠጣ፣ አረቄውን ለሌላ ቀን አቆየው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ራስ ምታቱ ከበረታበት ሰው ጋር ግን አትከራከሩ፤ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ውሰዱት፣ ዝቅ ሲል ይቀለዋል።

ምግቡን በተመለከተ፣ መንዝ የገብስ አገር ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ እንጀራው፣ ጠላው ከገብስ ነው፤ ባቄላውም አለ። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንደተባለው ፒዛ አምጡ፣ የሞቀ ሻወር አምጡ፣ ዋይፋይ አምጡ እያላችሁ አታስቸግሩ። በጾም ከሄዳችሁ ጮማ አትጠይቁ። አንዲት እናት ቤቷ አስገብታ ቆሎ ብታቀርብልህ ተቀመጥና ብላ፤ በቆመበት ዘግኖ ሰዓት የሚያይ እንግዳ የቤቱን እመቤት ያሳዝናል። ስትወጣ ብር እጇ ላይ አታስጨብጣት፤ አስተናገደችህ እንጂ አልሸጠችልህም። ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና ይዘህ ከነበረ እሱን «ለቤት ይሁን» ብለህ ስጣት። ሕፃናት ሲከቧችሁ ከረሜላና ሳንቲም አትበትኑ። ትምህርቱን ትቶ መኪና የሚጠብቅ ልጅ እንዲህ ነው የሚፈጠረው። ደብተርና እስክርቢቶ ያመጣችሁ እንደሆነ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስረክቡ።

ከመንዝ የምትሸምተው የሱፍ ሥራ ነው። የመንዝ በግ ፀጉሩ ረጅም ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ባናና ዝተት፣ በርኖስም ያደርገዋል። ከደጋው ብርድ የሰው ልጅ እንዴት እንደ ተረፈ ማወቅ የፈለገ ሙዚየም አያስፈልገውም፣ አንድ ባና ለብሶ ይደር። ዋጋ መከራከር ያገሩ ወግ ነውና ተከራከር። ነገር ግን ፀጉሩ ከተሸለተበት ቀን አንስቶ እስኪፈተልና እስኪሸመን ስንት እጅ እንደገባበት ጠይቀህ ይሁን። ከጠየቅህ በኋላ የምታቀርበው ዋጋ ራሱ ይለወጣል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን ትልቅ መጽሐፉን ሲጽፍ የአማራን ገበሬ ኑሮ ያጠናው መንዝ ነው። እሱ ከባሕር ማዶ መጥቶ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ከጠየቀ፣ አንተ ቋንቋውን የምታውቀው ልጅ ለመጠየቅ ምን ያግድሃል? «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።» የከብት ጥበቃውን ለእረኛው፣ የቄሮውን ዘመን ለሽማግሌው፣ የፈትሉን ነገር ለእናቶች አንሣላቸው። ያን ጊዜ መንደሩ ራሱ ይከፈትልሃል።

ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ጓደኞችህን ግን አስታውሳቸው። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ ስልክ ይዘጋል። ካህኑን ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታንሱ፤ መጽሐፍ ወይም መስቀል አውጡልን ብላችሁ አትጫኑ። ያልታየ ነገር ቢቀርባችሁ ምንም አይደለም። ቤተ መቅደሱም እንደ ጓሳው ክልክል ያለበት ነው።

አሁን ወደ አንኮበር። እዚያ የምትሄደው ለዓይን ብቻ ከሆነ ቅር ሊልህ ይችላል፤ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ፍራሽ ነውና። ታሪኩን ይዘህ ስትወጣ ግን ኮረብታው ይናገራል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ከነጓዙ ከባሕር ጠረፍ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣው እዚህ ነው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ የሸዋን ዙፋን ይዘው አንኮበርን መልሰው አቀኑት፤ ቆይተው ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ጠመንጃ ሊሸጥ እ.ኤ.አ. በ1887 አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ተከትሏቸው እንጦጦ ወጣ። ልጥ ማረፊያ ደግሞ ቅርብ ነው፤ ጣሊያናዊው አንቲኖሪ የጥናት ጣቢያውን ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው የሞተበት።

ኮረብታውን ውጡና ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ደጋው በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ቆላው እስከ አፋር ይዘረጋል። የሸዋ ነገሥታት ይህን ቦታ ለምን እንደ መረጡት ከዚያ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ከታች የሚመጣው ነጋዴም ጦርም ገና ሳይደርስ ይታያል። ዝቅ ብሎ አልዩ አምባ አለ፤ የጥንቱ የሸዋ ትልቅ ገበያ፣ ደገኛው ከአርጎባውና ከአፋሩ ጋር ሲገበያይ የኖረበት። ጉልበት ያለው በእግሩ ይውረድ፤ መውጣቱን አስቦ ግን። ወፍ የሚወድ ጓደኛ ካለህ ደግሞ በገደሉ ላይ በአንኮበር ስም የተጠራች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ሳይንስ የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በስተ ሰሜን የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ የጽዱና የዝግባው ጥላ ያሳርፋል። እዚያ ግን እሳት አታንድዱ፣ ለሻይ ነው ብላችሁም ቢሆን።

የቀረው የሰላሙ ነገር ነው። ይህን ከሁሉ አጥብቄ እልሃለሁ። በእነዚህ ዓመታት አገሩ ሁልጊዜ እንደ አንድ አልዋለም፤ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ከመነሳትህ በፊት ባለህበት ሆነህ ደውል። የከተማ ወሬ አይበቃህም፤ ደብረ ብርሃን ያለውንም፣ መሐል ሜዳ ያለውንም፣ የሎጁን ሰዎችም ጠይቅ። ሦስቱ አንድ ቃል ካልተናገሩ አትነሳ። መንገድ ላይ ሳለህም ቀን በቀን ተጓዝ፣ ሲመሽ ካለህበት ከተማ እደር። ቅር ተሰኝተህ ትቀር ይሆናል፤ ይሁን፣ ተራራው የትም አይሄድም። ቀብድ ከፍለህ ከነበረ ግን ገንዘቤን መልሱ ብለህ አትደውልላቸው። ለሚቀጥለው ጊዜ ያዙልኝ በላቸው። መንገዱ በተዘጋ ወራት ጠባቂዎቹ እንግዳ ሳያዩ፣ ደመወዝም እያጠራቸው፣ በውርጩ ላይ እየዞሩ ነው የሚሰነብቱት።